ፍሪሲዮን ለሌላት መኪናዬ መመሪያ ላጡላት ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪና የአሽከርካሪ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ እንዴት ሰንብቷል? ዘንድሮ የእንጅባራው ብርድ ወርዶ እኛም ዘንድ ዳንግላ ገብቷልና በተለይ ጉልበትዎን ይጠንቀቁልኝ። ቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ለጤናዎ እንደሚስማማዎ አልጠራጠርም፤ ለእኔም ተስማምቶኛል፤ ደረጃዎን ስወጣና ስወርድ የክራንቼን ጎማ ብዙ ጊዜ አስቀይሬያለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎንም ሆነ የከተማዎን ስም በአደባባይ ጽፌ አላሳፍርዎትም። ደረጃውን የወጣ ያውቀዋል፤ ያልወጣውን ደግሞ እግዜር ከዚያው ያቆየው።

እኔ እህተማርያም ክንዴ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም የምኖረውም ዳንግላ ነው፤ ሥራዬ ግን አዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ውስጥ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒቱን ከነአወሳሰዱ በመስኮት ማቀበል ነው። ግራ እግሬን በሕፃንነቴ ልምሻ መትቶት ከጉልበቴ በታች አይታዘዘኝም፤ ቀኙ፣ ተመስገን፣ የሁለቱን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ይህ ሁሉ ካላስታወሰዎት በቢሮዎ «ያቺ ክራንች ያላት ደግሞ መጣች» የሚባልላት ሴት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። ምስጋናው ግን ከመሃል ቢጀመር ትርጉም ስለማይሰጥ፣ መኪና ለምን እንዳማረኝ ከመነሻው እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

ከዳንግላ አዲስ ቅዳም ሩቅ አይደለም፤ የሚርቀው ሚኒባሱ እኔን ሲያይ ነው። ረዳቶቹን ክፉ ናቸው ብዬ አላማም። ጠዋት መኪናው ቶሎ ሞልቶ እንዲነሣ ይፈልጋሉ፤ እኔ አንድ እግሬን እስካስገባ ሦስት ሰው ይገባል። ስለዚህ በትሕትና «እህቴ፣ በሚቀጥለው ነይ» ይሉኛል። የሚቀጥለውም የራሱ የሚቀጥለው አለው። እንደዚህ ከሚቀጥለው ወደሚቀጥለው ስባል ቆይቼ አዲስ ቅዳም ስደርስ፣ ከገጠር በእግሩ የመጣ ሕመምተኛ በተዘጋው መስኮቴ ሥር አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። አንዳንዱ ታማሚ ጭኖ የመጣ ነው፤ አንዳንዷ ሕፃን አዝላለች። «ደኅና አደራችሁ» ስላቸው ቀና ብሎ የሚመልስልኝ ጥቂት ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መኪና ለመግዛት ያስቆረጠኝ ግን ይህ አልነበረም። አንድ ማለዳ፣ የቸኮለ ረዳት «ቦታ ትይዛለች» ብሎ ክራንቼን ተቀብሎኝ ጣራ ላይ ከከሰል ማዳበሪያው ጋር ሰቀላት። አዲስ ቅዳም ላይ ወረድኩ፤ «ክራንቼን!» እያልኩ ስጮህ በሩ ተዘጋና መኪናው ክራንቼን ይዞ ወደ እንጅባራ ነጎደ። እኔ በአስፋልቱ ዳር የመብራት እንጨት አቅፌ ቀረሁ። አንዲት ድንች ሻጭ ናት የመጥረጊያ እንጨት ሰጥታኝ ጤና ጣቢያው ድረስ ያደረሰችኝ። ያን ቀን ሙሉ በመጥረጊያ እንጨት ተደግፌ መድኃኒት ሳድል ዋልኩ። ረዳቱ በማግስቱ ክራንቼን መለሰልኝና «ይቅርታ፣ ዕቃ መስላን ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ምናልባት ያደከመኝም እሱ ነው፤ የሚቆጡት ሰው እንኳ አልተገኘም።

የዚያን ዕለት ለታናሽ ወንድሜ ለደረሰ «መኪና እገዛለሁ» አልኩት። ደረሰ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ የፋግታ ወረዳን ከሰል እየጫነ ስለሚጓዝ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። አልሳቀብኝም። «ምን ዓይነት?» ብቻ አለኝ።

«ባለ አንድ እግር» አልኩት።

ዕቁቤ ሲወጣልኝ፣ ከአባታችን በቀረው መሬት ላይ የተከልነውን ዲከረንስ የተባለ የከሰል ዛፍ ደግሞ ለከሰል ነጋዴ ሸጠን ገንዘቡን አንድ ላይ አደረግነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ መኪና በፎቶ እንኳ አይታይም፤ ያገለገለ ነው የምንፈልገው። ያገለገለ መኪና መምረጥ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ትዳር ከመምረጥ ይብሳል፤ በትዳሩ ቢያንስ ሽማግሌው ጥቂት ያፍራል።

ደላላችን ውቤ ይባላል። የምገዛው እኔ፣ የምነዳው እኔ፣ ውቤ ግን ሲያወራ የሚያየው ደረሰን ነበር። መጀመሪያ ያሳየን አንዲት ፒክአፕ ነው፤ ወንበሯ ደረቴ ጋ ይደርሳል። «እንዴት ልወጣ ነው?» ስለው ወደ ደረሰ ዞሮ «አንተ ደግፈህ ታወጣታለህ» አለ። ወንድሜ ከመኪናዋ ጋር የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ መስሎታል።

ሁለተኛዋ ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ የምታምር መኪና ነበረች። ውቤ ኮፈኗን እየደባበሰ «ይቺ የሴት መኪና ናት፤ የነዳቻት ዶክተር ናት፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት» አለ። እውነቴን ነው፣ ልቤ ሄዶ ነበር። በሯን ከፍቼ ተቀመጥኩባት፤ እንደ ሶፋ ተቀበለችኝ። ደረሰ ግን የዳንግላውን መካኒክ ኡስማንን ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ኡስማን ከሥሯ ገብቶ ትንሽ ቆየና ልብሱን እያራገፈ ወጣ።

«ይቺ አንድ መኪና አይደለችም» አለ። «ፊቷና ጀርባዋ የተገናኙት ጋራዥ ውስጥ ነው። በብየዳ ነው የተያዘችው።»

ውቤ ምንም አልደነገጠም። «ታዲያስ? ተጋብተው፣ ተስማምተው፣ ይኸው ስንት ዓመት እየኖሩ ነው!» አለ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን መኪና ሲያሳዩኝ ቀለሟን ማየት ተውኩ። የማየው ወንበሯ ከዳሌዬ እኩል መሆኑን፣ በሯ ወለል ብሎ መከፈቱንና አቀበት ላይ ተመልሶ እግሬን አለመቀርጠፉን፣ ክራንቼ ከጎኔ የምትተኛበት ቦታ መኖሩን፣ መለዋወጫዋም ሰው የሚያውቀው መሆኑን ነበር። የቀረውን ለኡስማን ተውኩ። አንድ ነገር ላይ ግን ኡስማንም አልሸሸገኝም።

«እህቴ፣ እኔ የማንዋል ሰው ነኝ» አለኝ። «አውቶማቲክ ካምቢዮ አልነካም፤ አላውቀውም። ከተበላሸብሽ በሎቤድ ተጭና ባሕር ዳር ነው የምትሄደው። ማንዋል ብትገዢ ግን እኔ አለሁልሽ።»

«ማንዋሉን በየትኛው እግሬ ልርገጠው?»

እጁን በጨርቅ ጠረገና «እንግዲያው ካምቢዮዋን የሚያይልሽ ሰው ከባሕር ዳር እጠራልሻለሁ፤ ሌላውን እኔ አያለሁ» አለ፤ እንዳለውም አደረገ።

ሦስተኛዋን ያገኘናት እንጅባራ ነው፤ በደላላ ሳይሆን በወሬ። እትዬ ዓባይነሽ የሚባሉ ባለቤታቸው የሞተባቸው ሴት፣ ከጓሯቸው በሸራ የተሸፈነች አሮጌ አመድማ መኪና አላቸው ተባለ። ውቤ ከዚህ በፊት ጠይቋቸው ነበር፤ «ለኮንትራት ታክሲ የሚሆን ዕቃ የለኝም» ብለው መልሰውታል። ሸራውን ገልጠው ሲያሳዩን፣ ከመሪው ሥር ያሉት መርገጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነዳጅና ፍሬን።

«ሟቹ ጉልበቱን ያመው ነበር» አሉን። «ለዚያ ነው ይቺን የገዛው። ጓደኞቹ ‹የሰነፍ መኪና› እያሉ ይስቁበት ነበር። ሳይሰንፍ ሞተ።»

ከዚያ ደረሰን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ክራንቼንም አዩ። «የምትነጃት አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ምን ያቆምሻል፣ ልጄ? ግቢና ሞክሪያት» ብለው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ።

ያን ሁሉ ወር መኪና ስፈልግ ቁልፍ በእጄ ያስቀመጠልኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ኡስማንም የባሕር ዳሩም ሰው አይተው «አርጅታለች፣ ግን አልዋሸችም» አሉ። ገዛኋት። ደረሰ እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ዳንግላ ስንገባ የጋሪ ፈረሶች እንኳ መንገድ የለቀቁልኝ መሰለኝ። አሁን የቀረኝ መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። «ብቻ» ያልኩት ያኔ እርስዎን ስለማላውቅዎት ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ደርሻለሁ፤ ሥርዓቱም እንዲጠበቅ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጊዜዬን ስላልወሰዱብኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ከአሥር ባለጉዳይ ኋላ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ጨርሰውልኛል። «ፈተናው በማንዋል ነው» አሉኝ። በምማርበት የሾፌር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያለችው መኪና ባለ ሦስት መርገጫ ስለሆነች በራሴ መኪና ልፈተን፣ የእኔዋ ፍሪሲዮን የላትም ስልዎት፣ «ፍሪሲዮን ያልረገጠ ሾፌር አይባልም» አሉ። «ታዲያ የሚነዳት ሰው ምን ይባላል?» ብዬ ብጠይቅ ከእኔ ፊትዎን አንሥተው ወደ ወንድሜ ዞሩና «እህትህን ምከራት እንጂ፤ ሾፌር ብትቀጥር አይሻላትም?» አሉት። ስለ ኑሮዬ ያለዎት ከፍ ያለ ግምት ልቤን ነክቶታል። የጤና ጣቢያ ደመወዝ ሾፌር እንደሚያስቀጥር እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ሲሆኑ «አንቺ» ብለው ስላቀረቡኝም ውለታዎ አለብኝ፤ ቤተሰብ መሆናችንን ያወቅሁት በዚህ ነው።

፪. ቋንቋ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የሐኪም ማስረጃ አምጪ ባሉኝ መሠረት፣ ሐኪሙ መርምሮኝ «በቀኝ እግሯ አውቶማቲክ መኪና መንዳት ትችላለች» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። እርስዎ ግን እኔና ሐኪሙ ያላየነውን አዩ። «ይህ የሚለው መንዳት ትችላለች ነው፤ መፈተን ትችላለች አይልም» ብለው መለሱልኝ። ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ሳስበው ቆየሁ። አሁንም አልፎ አልፎ መድኃኒት ስቆጥር ትዝ ይለኝና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

፫. ተስፋ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ታዲያ መመሪያው ምን ይላል ብዬ ስጠይቅዎት «መመሪያው እየተፈለገ ነው» አሉኝ። ስመለስ ደግሞ «ጉዳይሽ ለኮሚቴ ተመርቷል» ተባልኩ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ብዬ የጠየቅኋት ጸሐፊዎ የምሥራች፣ ደግ ልጅ ናት፣ አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አባላቱ ገና አልተመረጡም» አለችኝ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ቁጥር የሚያምረው ነገር ወደፊት ሲሄድ ነው።

በዚህ መካከል በትምህርት ቤቱ መማሬን አላቋረጥኩም። የንድፈ ሐሳቡን ፈተና አልፌያለሁ። የተግባሩን ደግሞ እንዴት እንደምማር ቢያዩ ይደሰቱ ነበር፤ አሠልጣኙ ስንታየሁ በእሱ በኩል ሌላ ፍሪሲዮን አለውና፣ እኔ «አሁን!» ስለው እሱ ይረግጥልኛል። እኔ መሪና ማርሹን፣ ነዳጅና ፍሬኑን፤ እሱ ፍሪሲዮኑን። ሁለት ሆነን አንድ ሾፌር ወጣን። «በፈተና ቀንም ብረግጥልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ አንድ ቀን። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም።

መኪናዬ ግን ቆመች። ባትሪዋ እንዳይሞት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እገባና አስነሣታለሁ። ሞተሯ ይሠራል፤ እኔ መሪውን ይዤ የግቢያችንን አጥር አያለሁ። ጎረቤቴ ማናለብሽ ከአጥሩ በላይ ብቅ ትልና «ዛሬስ የት ደረስሽ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ ጎንደር፣ ባሕር ዳር እያልኩ እቀልድላት ነበር። በኋላ በኋላ «ዝም በይ፣ ማናለብሽ» ማለት ጀመርኩ፤ በኋላም እሷ ራሷ መጠየቅ ተወች። ክራንቼን ጣራ ላይ ከሰቀለው ረዳት ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው፤ ሰው በእኔ መቀለድ ሲተው።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ። እርስዎ ሳይረሱት አይቀሩም፤ እኔ ግን እንዳይረሱት እፈልጋለሁ።

የገበያ ቀን ነበር። ሚኒባሶቹ አንድ በአንድ እያለፉኝ ዘግይቼ ደረስኩ። በመስኮቴ ፊት ብዙ ሰው ተሰብስቧል፤ ከሁሉ ፊት ትኩሳት ያቃጠላትን ልጃቸውን የታቀፉ አንድ ሱፍ የለበሱ ሰው ቆመዋል። ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ መጥተው ልጅቷ ታማባቸው ይሆናል፤ አልጠየቅሁም። በጓሮ በር ገብቼ መስኮቱን ስከፍት እርስዎ ነዎት።

እኔ ወዲያው አወቅሁዎት። እርስዎ አላወቁኝም፤ በመስኮቱ የሚታየው ከአንገቴ በላይ ነዋ።

«የመንግሥት ሥራ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብለው ጮኹ። «ልጄ እኮ እየነደደች ነው! ሕዝብ እዚህ እየተንገላታ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ደኅና አደሩ» አልኩ። ማዘዣውን ተቀበልኩዎት። ሽሮፑን በጥብጬ፣ ማንኪያውን አሳይቼ፣ ከምግብ በኋላ እንደሚሰጥ ነገርኩዎት። ልጅቷ በትኩሳት ዓይኖቿ ታየኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ስለ ምንም ነገር ሳይሆን ስለ እሷ ብቻ አሰብኩ። ብልቃጡን ከተቀበሉኝ በኋላ ግን እርስዎ አልጨረሱም።

«ለኃላፊሽ እናገራለሁ» አሉ፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። «የማትችይ ከሆነ ለሚችል ሰው ቦታውን ልቀቂ!»

ያን ጊዜ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። ልጮህ ነበር፤ ድምፄ ግን ሲወጣ የደከመ ሰው ድምፅ ሆነ። ክራንቼን አንሥቼ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደገፍኳትና «ጌታዬ፣ መኪና አለኝ። ቤቴ ቆማለች። መንጃ ፈቃዴ ያለው እርስዎ ጋ ነው» አልኩዎት።

ክራንቼን አዩ። ፊቴን አዩ። ከኋላዎ የቆመ አንድ ገበሬ ለጎረቤቱ በአገውኛ አንድ ነገር አለውና ሁለቱም አጎነበሱ። እርስዎም «ኧረ፣ ያቺ ነሽ እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም ለራስዎ ይሁን ለእኔ ባልገባኝ ድምፅ «ኮሚቴው በቅርቡ ይሰበሰባል» ብለው ልጅዎን ታቅፈው ወጡ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈም ነበር። ሰው ነው፣ ልጁ ታማበታለች፣ ደንግጦ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ወደ ቢሮው ጠራኝ። አንገቱን እያከከ «እህተማርያም፣ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ቅሬታ አስገብተውብሻል። በሙሉ ስምሽ ነው» አለኝና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ማን መሆኔን ካወቁ በኋላ ያስገቡት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «እኔ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። አመንኩት። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ከደመወዜ እንደሚቆረጥ፣ ሦስተኛው ከመጣ ደግሞ መስኮቷን ሌላ ሰው እንደሚከፍታት ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ለዚያ ቅሬታዎ ነው። ኮሚቴዎን እየጠበቅሁ አርጅቼ እሞት ነበር፤ ከመጠበቅ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት።

በዚያው ሳምንት ደረሰ ከመንገድ ሲመለስ ነገርኩት። ሻይውን አስቀምጦ «በሌላ ከተማ እንሞክራ» አለ። እኔ እምነቴ አልቆ ነበር። «የትም ቢሆን ፎቅ አለ፤ የትም ቢሆን መመሪያ ይፈለጋል» አልኩት። «እንግዲያው እኔን ለመሸኘት ነይ» ብሎ አስነሣኝ። እሱ መኪናዬን እየነዳ፣ ከዞናችን ውጭ ወዳለች ከተማ ወሰደኝ። የከተማዋንም ስም አልጠቅስም፤ ሰው ሰምቶ መልካም ሥራዋን እንዳያስተዋት።

እዚያ ወረቀቶቼ ተላልፈው፣ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ፣ በሌላ ቀን ተመልሼ መፈተኛው ሜዳ ላይ ደረስኩ። ፈታኙ ሸብተዋል፤ ወገኔ የሚባሉ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ አቧራ ነበረበት። መኪናዋን ዞረው አዩ። በመስኮት አጎንብሰው ወደ እግሬ ሥር ተመለከቱ። እኔ የሐኪሙን ወረቀት፣ ንግግሬን፣ ልመናዬን፣ ለወራት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ፍሪሲዮን የላትም?» አሉኝ።

«የላትም።»

«ይቅለልሽ» አሉና ከጎኔ ገብተው በሩን ዘጉ። «በይ ንጂ።»

ነዳሁ። ወደ ኋላ አስገባሁ፣ አቀበት ላይ አቆምኩ፣ ተነሣሁ። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር የጠየቁኝ ነገር የለም። ወርደው ሲፈርሙ እጄ መሪው ላይ ተጣብቆ ነበር። ደስ አላለኝም፣ ክቡር ሆይ፤ ደስታው የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። የመጣው ድካም ነው። አንድ ሰው «ንጂ» ብሎኝ በሚያልቅ ነገር ይህን ያህል ዘመን ደረጃ መውጣቴ ታወቀኝና መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ደረሰ በመስኮት አየኝና «ወደቅሽ እንዴ?» አለ ደንግጦ። አልወደቅሁም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁለት።

መንጃ ፈቃዴን ከተቀበልኩ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ ማንንም ሳልጠብቅ ከግቢዬ ወጣሁ። ማናለብሽ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ እልል አለች። አዲስ ቅዳም ስደርስ የጤና ጣቢያው በር ገና አልተከፈተም ነበር። መኪናዬን ከአጥሩ ጥግ አቆምኩ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረግሁ፣ ጥቂት ልጠብቅ አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ለስንት ዓመት ያልተኛሁትን የጠዋት እንቅልፍ ነው የተኛሁት። የቀሰቀሰኝ ዘበኛው ነው፤ መስታወቱን ቆርቁሮ «እህተማርያም፣ ሰው መጥቷል፣ መስኮትሽን ክፈቺ» አለኝ። በሰዓቱ ከፈትኩ። ከአግዳሚው የተነሣችው የመጀመሪያዋ ሴት «ደኅና አደርሽ» አለችኝ፤ እሷ ናት የቀደመችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ አሁን ምንም አልፈልግም፤ ይህን መጻፌ ራሱ ያስገርምዎት ይሆናል። ነገር ግን በደረጃዎ ላይ ስወጣና ስወርድ የማገኛቸው ሌሎች ነበሩ፤ አንዱ በእጁ፣ አንዷ በእግሯ እንደኔው፤ እኔ መውጣት ስተው እነሱ ገና እየወጡ ነበር። የእኔ ጉዳይ በሌላ ሰው ደግነት አለቀ። የእነሱ ደግሞ በደግነት ሳይሆን በእርስዎ ሥራ እንዲያልቅ እመኛለሁ፤ ምኞት ቀረጥ የለበትምና።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ሥልጣንዎ ይርጋ፣ ፊርማዎ ይፍጠን፣ ልጅዎ በጤና ትደግልዎ፤ ይህን የመጨረሻውን ያለ አንዳች ሽሙጥ ከልቤ እለዋለሁ።

በመንገድዎ ላይ ፍሬን እንጂ ቂም እንዳይዙብኝ ከትሕትና ጋር የምማጸንዎ፣ በአክብሮት እጅ የምነሣዎ፣

እህተማርያም ክንዴ
የመድኃኒት ባለሙያና፣ እርስዎ ባይስማሙም፣ ሾፌር
ከዳንግላ

ማስታወሻ፦ የኮሚቴው አባላት ድንገት ተመርጠው፣ ድንገት ተሰብስበው፣ «የመፈተኛ አውቶማቲክ መኪና የለንም» የሚል ውሳኔ ላይ እንዳይደርሱ ሰግቻለሁ። ስለዚህ መኪናዬን በዕረፍት ቀኔ ለመሥሪያ ቤትዎ በነጻ አውሳለሁ፤ ነዳጁም በእኔ ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈታኞችዎ ሲገቡ በግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሏን እየረገጡ እንዳይበሱብኝ ቀድመው ይንገሩልኝ።